የቃኚው ወተት

በሐረር ከተማ ቧንቧ መጣ አልመጣ የሚለውን ወሬ ከዓብዱላሂ አፍ ካልሰሙ የማያምኑ ሴቶች ነበሩ። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ዘጠኝ ገደማ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ቆይቷል፤ ከሩቅ በመስመር የሚመጣው ውኃም ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይቀራል። ዓብዱላሂ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን የጫነች አህያውን እየነዳ በሸዋ በር ወደ ጀጎል ሲገባ፣ ባልዲ ይዘው በየበራቸው የቆሙት ሴቶች ያስቆሙታል።

“ዓብዱላሂ፣ በዚያ በኩል መጣ ወይ?”

ሌላ ሰው ቢሆን “መጥቷል” ወይም “የለም” ብሎ ያልፋል። እሱ ግን አህያዋን ያቆምና መጀመሪያ ቀኝ እጁን ያያል። “እጄን አርሼዋለሁ፤ አለ” ካለ አለ ማለት ነው። “ሲባል ሰማሁ፤ አላየሁም” ካለ ባልዲዋን ይዛ የምትወጣ የለችም። አንዳንዴ ደግሞ “አለ፣ ግን ቀጭን ነው። ለቀትር አይደርስም” ይላል፤ ወላሂ፣ ለቀትር አይደርስም። ፈረስ መጋላ ላይ የተነሣ ወሬ ሸዋ በር እስኪደርስ እግርና ክንፍ በሚያበቅልበት ከተማ እንዲህ ያለ ሰው መገኘቱ ለሴቶቹ መሳቂያም መመኪያም ነበር።

የሚኖረው ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ በእትዬ እልፍነሽ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ እልፍነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየሥራው የተበተኑባቸው፣ ምላሳቸው ስለት ልባቸው ቅቤ የሆነ ሴት ናቸው። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለዓብዱላሂ፣ የድሮውን እንጨት ቤት ለአህያዋ ሰጥተው፣ ስለ አህያዋ ሽታ ጠዋትና ማታ ይነጫነጫሉ። የፍርፋሪውን ሳህን ለአህያዋ ይዘው የሚወጡትም ራሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ምሳ አቅርበውለት ሲጫወቱ፣ “አንተ ሰው፣ ለአንዲት ባልዲ ውኃ እንዲህ ስትማማል ትውላለህ። አንድ ቀን ዋሽተህ ብታድር ምን ይነክስሃል?” አሉት። ለጨዋታ ነበር። ዓብዱላሂ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። እጁን ታጥቦ፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ እትዬ” ብሎ ወጣ። እትዬ እልፍነሽ ሰውየውን ምን እንዳስቀየሙት ሳይገባቸው ብዙ ሰነበቱ። በኋላ ግን ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እያለ ሁሉንም ነገራቸው፤ እኛም የምናውቀው እሳቸው በእንባ ለጎረቤት ስላወሩት ነው።

ዓብዱላሂ የቆላ ሰው ነው። የተወለደው ከባቢሌ ወዲያ፣ ግመል፣ ላምና ፍየል ይዘው ዝናብን እየተከተሉ ከሚዞሩ ሰዎች መካከል ነው። ታላቅ ወንድሙ ሐምዛ የሰፈሩ አውራ ነበር፤ ሰፈሩ ተነሣ ሲል ይነሣል፣ ስፈር ሲል ይሰፍራል። ሐምዛ ግን ተነሡ የሚለው ቃኚው ተናግሮ ሲጨርስ ነው። ቃኚው ዓብዱላሂ ነበር።

የቃኚ ሥራ እንዲህ ነው። ሣሩ ሊያልቅ፣ ኩሬው ሊነጥፍ ሲል አንድ ሰው ዱላውንና ትንሽ ስንቁን ይዞ ብቻውን ይወጣል። የት እንደ ዘነበ፣ ምን ያህል እንደ ዘነበ፣ ሣሩ ለግመል ይሁን ለፍየል፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ሰፍሮበት እንደሆነ አይቶ ይመለሳል። ከሰማው አይናገርም። ዓይኑ ካየውና እጁ ከነካው ውጭ ቃል ካመጣ ቃኚ አይባልም። ዘነበ በተባለበት ቦታ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጣቱን መሬት ውስጥ ይሰዳል። ላዩን ብቻ ያራሰ ዝናብ ሣሩን አብቅሎ ሳያጠግብ ያደርቀዋልና፣ የቃኚ ዳኛው ጣቱ ነው።

ሲመለስ ማንንም ሰላም አይልም፤ ማንም ሰላም አይለውም። በቀጥታ ሄዶ ከአውራው ጎጆ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሚስቱ፣ ሚስት ከሌለው እኅቱ፣ በጭስ በታጠነ ጮጮ ወተት ታመጣለታለች። እስኪጨርሰው ድረስ አይጠየቅም። የራበው ሰው ዓይኑ ሁሉን ነገር አረንጓዴ አድርጎ ያያል፤ ሆዱ ሲሞላ የሚናገረው ግን እውነቱን ነው ይላሉ። ጮጮው ባዶውን ከተቀመጠ በኋላ አውራው ሁለት ነገር ይጠይቃል። “ምን አየህ?” ይላል መጀመሪያ። ቀጥሎ “አፈሩስ?” ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መልስ ሽማግሌና ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ፣ ያለው ከብት በሙሉ ተነሥቶ ይሄዳል።

ዓብዱላሂ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በዚህ ሥራ ሲኖር አንድም ቀን ሰፈሩን አሳስቶ አያውቅም። በዚያ አገር ደግሞ ለአንድ ሰው ከዚህ የበለጠ ስም የለም። ሚስቱን ሸምሲያን እንኳ አባቷ የሰጡት ከግመሎቹ ይልቅ ስሙን አይተው ነበር።

የከዳው ሰማዩ ነው። አባቱ ያስተማሩት ምልክት ሁሉ አንድ በአንድ ውሸት ሆነበት። ነፋሱ በዝናብ በኩል ይነፍሳል፤ አይዘንብም። ደመናው ጥቁር ሆኖ ይመጣና ሰው ጮጮውንና ባልዲውን ደጅ ደርድሮ ሲጠብቀው ወደ ሌላ አገር ያልፋል። የበልጉ ዝናብ በበጋ መጥቶ የተወለዱትን ግልገሎች ይዞ ይሄዳል፣ በበልግ ደግሞ አቧራ ይሆናል። ድሮ የአንድ ሳምንት የነበረው የቃኚ መንገድ የወር ሆነ። ድሮ ባዶ የነበረው ግጦሽም ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹ ታጥሯል።

በአንደኛው ጉዞ ላይ ልጁ ናስር ሞተ። ሸምሲያ አዝላው ስትሄድ የተኛ መስሏት ነበር። ውኃው ጋ ደርሰው ልታጠጣው ስታወርደው ነው ያወቀችው። ከብቱ ከዚያ ውኃ ፉት ብሎ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነበረበትና ሰፈሩ ሊቆም አልቻለም። ልጁን ከመንገዱ ዳር ቀብረው፣ ድንጋይ ከምረው፣ አመሻሹ ላይ ተነሡ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ሲያልፉ ጎርፍ ድንጋዩን ወስዶት ቦታው ጠፋቸው። ሸምሲያ ከወዲያ ወዲህ ስትዞር ቆይታ መጨረሻ ላይ ባሏ ፊት ቆመች።

“አንድ ቦታ ስጠኝ” አለችው። “የፈለገው ቦታ ይሁን። ልጄን ብቀብር እንኳ ነገ ተመልሼ የማገኘው ቦታ ስጠኝ።”

ዓብዱላሂ ያን ቃል ከዚያች ቀን ጀምሮ በሄደበት ይዞት ሄደ።

ሁለት ሺህ ሦስት ላይ የመኪና ሰዎች፣ የመንግሥት መልእክተኞች፣ መጡ። ግራር ሥር ሰው ሰብስበው ተናገሩ፤ አንድ ቦታ ለሚሰባሰብ ሰው ቧንቧ ይገባለታል፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ይሠራለታል፣ የሚያርሰው መሬት ይሰጠዋል አሉ። ሐቁን ለመናገር ሁሉም ውሸት አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ሐምዛ ሰማቸው። ሰዎቹ ሲሄዱ ወደ ወንድሙ ዞረና፣ “ወሬ ወሬ ነው። ቃኚ ይሂድ” አለ።

ዓብዱላሂ ቦታው የደረሰው ቧንቧው በተመረቀበት ቀን ነበር። ዳስ ተጥሏል፣ ፍየል ታርዷል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ከአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሞተር ይጮኻል፤ ውኃው ከብረቱ አፍ እየተንዶለዶለ የሲሚንቶውን ገንዳ ሞልቶ ይፈሳል። የሚፈሰውን የሚያግድ፣ ተራህ አይደለም የሚል፣ በገመድ የሚጎትት የለም። ዓብዱላሂ ጠጣ። ራሱን አራሰ። በሕይወቱ ሙሉ አንዲት ጠብታ ለማግኘት መሬት ሲምስ የኖረ ሰው ነውና፣ ከሰው ደበቅ ብሎ አለቀሰ።

ሰው ሲበተን፣ ልማድ ነውና፣ ከገንዳው ሥር ጎንበስ ብሎ ጣቱን መሬት ውስጥ ሰደደ። እስከ መጀመሪያው አንጓ ርጥብ ነው። ከዚያ በታች ዱቄት። የኖረ ውኃ አጠገብ ያለ አፈር እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል፤ የኖረ ውኃ ዙሪያውን ያለሰልሳል፣ ሥር ያበቅላል። ይህ ውኃ የትናንት ነበር። ነገ ይኑር አይኑር አፈሩ አያውቅም። ዓብዱላሂ ስለ ሞተር፣ ስለ ናፍጣ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያበጅ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። የውኃ ባለቤት አላህ ነው፣ ውኃን ማን ላከህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እሱ ባደገበት አገር የለም። ጣቱ የነገረውን ግን ሰምቶታል። ሰምቶት፣ “ማንኛውም ውኃ አንድ ቀን አዲስ ነበር” አለ ለራሱ። ሸምሲያ በዓይኑ መጣችበት። ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ ተነሣ።

ተመልሶ ከሐምዛ ጎጆ ፊት ተቀመጠ። ሸምሲያ ወተቱን አቀበለችው። ጠጣ፣ ጨረሰ።

“ምን አየህ?”

“ውኃ አየሁ። ያለ ገመድ ይፈሳል። ጠጥቻለሁ።”

“አፈሩስ?”

“ርጥብ ነው” አለ ዓብዱላሂ።

ውሸት አልተናገረም። አፈሩ ርጥብ ነበር። ሰፈሩም በሙሉ ተነሣ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ነበሩ፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ቦታውን ሰው ሁሉ ቧንቧ ሰፈር ይለው ጀመር። ሸምሲያ የቆርቆሮ ቤት ገባች። በር ያለው ቤት ብርቅ ሆኖባት ጠዋት ስትከፍት፣ ማታ ስትዘጋ ብቻዋን ትስቅ ነበር። ናፊያ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ሐምዛ ጥቂት ማሽላ ዘራ፤ ለግመል ሰው ጎንበስ ብሎ ማረም ውርደት ቢመስለውም አረመ። ዓብዱላሂን የሚልከው አልነበረም። ዱላውን ጣሪያው ሥር ሰክቶ ተወው።

ከብቱ ግን አንድ ቦታ ቆመ። በየቀኑ ከአንድ ገንዳ ጠጥቶ በየቀኑ በአንድ ሜዳ ላይ ሲውል፣ የቧንቧ ሰፈር ዙሪያ ቁጥቋጦው ሳይቀር ተላጨ። ድሮ ቢሆን “ተነሡ” ይባል ነበር። አሁን ማን ከውኃ ይነሣል? ከዚያ ሞተሩ ማሳል ጀመረ። አንድ ቀን ይነሣል፣ ሦስት ቀን ይተኛል። ባለሙያ መጣ፣ ከሆዱ ውስጥ አንድ ብረት ፈትቶ፣ “ይህ ይቀየርና ይሠራል” ብሎ ብረቱን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቧንቧውን አፍ ሲከፍቱት ነፋስ ብቻ ያፏጫል። ልጆች ለጨዋታ እየከፈቱ ሲያስፏጩት ሐምዛ በዱላ ያባርራቸው ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት በልጉም ክረምቱም ቀረ። ወደ ድሮዎቹ ጉድጓዶች እንመለስ ተባለ፤ ያን መንገድ የሚችል ከብት አልተገኘም። መጀመሪያ ላሞቹ፣ ቀጥሎ በጎቹና ፍየሎቹ አለቁ። ግመል ብዙ ትችላለችና እሷ ሁሉን ቀብራ ነው የሞተችው። የሐምዛ መሪ ግመል፣ ነጯ፣ ከእንጨት የተፈለፈለ ቃጭል በአንገቷ ታስሮ ሰፈሩን ስትመራ የኖረች፣ ከሲሚንቶው ገንዳ አጠገብ ተንበርክካ አንገቷን ጠርዙ ላይ እንዳጋደመች ሞተች። ሐምዛ ቃጭሉን ፈታና ወንድሙ ያለበት ድረስ ይዞት መጣ።

“ያን ጊዜ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ሰድደህ ነበር?” አለው።

“ሰድጄ ነበር።”

“እስከ የት?”

ዓብዱላሂ ጣቱን አውጥቶ የመጀመሪያውን አንጓ አሳየው። መዋሸት ይችል ነበር። ሐምዛ ጣቱን አየው። አልተሳደበም፣ እጁን አላነሣም፤ ቢመታው ኖሮ ለዓብዱላሂ በቀለለው።

“ከእንግዲህ ከአንተ አፍ ቃል አንሰማም” አለና ሄደ።

ማታውን ዓብዱላሂ ሸምሲያን ወደ ከተማ እንሂድ አላት። እሷ ናፊያን አቅፋ አቀርቅራ ነበር። “ቦታ ስጠኝ አልኩህ፣ ሰጠኸኝ” አለች። “ያ ሁሉ ከብት የሞተው በእኔ አፍ ነው። እኔ ከዚህ የት እሄዳለሁ?” አንተ ነህ ብትለው ይሻለው ነበር። ብቻውን ሐረር ገባ፤ የጉልበት ሥራ ሲሠራ ቆይቶ አህያዋን ገዛ። ዱቄትና ስኳር በባቢሌ ሚኒባስ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ “ደርሷል” የሚል መልእክት ብቻ ትመልሳለች።

እንግዲህ እትዬ እልፍነሽ በጨዋታ መሃል የነኩት ቁስል ይህ ነበር። የሐረር ሴቶች “ዓብዱላሂ ካለ አለ” እያሉ ሲያሞግሱት አንገቱን የሚደፋው ትሕትና ይዞት አልነበረም። ማንም በማያውቀው ከተማ ቃሉ ታመነ። የሚታመንበትን ቦታ ግን ለዘለዓለም አጥቶታል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ሚያዝያ ላይ፣ ከባቢሌ በኩል ወተት ይዘው ሸዋ በር የሚወርዱ ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ሰማ። ወዲያ ማዶ፣ የድሮው ግጦሽ ላይ፣ ዘንቧል ይላሉ። አንዷ ጎርፍ ነው ትላለች፣ አንዷ ካፊያ ነው ትላለች። ዓብዱላሂ ጀሪካኖቹን ሳይሞላ ወደ ቤት ተመለሰ። እትዬ እልፍነሽ ባዶ ጀሪካን ሲያዩ ደነገጡ።

“ምነው? ታመምክ እንዴ?”

“እትዬ፣ አህያዋን አደራ ልበልዎት።”

“እኔ? በዚህ ዕድሜዬ የአህያ ጠባቂ ልሁን?” ብለው ጀመሩና ፊቱን ሲያዩ ተዉት፤ የዝናቡን ወሬ እሳቸውም ሰምተዋል። “ዘነበ ነው የሚሉት?”

“ይላሉ። አላየሁም።”

“አይተህስ? ለማን ልትነግር ነው? አንሰማህም ያሉህ ሰዎች አይደሉም?”

“ቃኚ ባይሰሙትም ይሄዳል” አለ። “ሐምዛ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማኝ እትዬ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ብሞትም አይቆጨኝም።”

እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። “ሂድ በቃ” አሉት። “አህያህን አላስርብብህም። ለእነዚያ ሴቶችስ ነገ ቧንቧ መጣ ቀረ ብዬ የምነግራቸው እኔ ነኝ? ጉድ አፈላህብኝ!”

ሚኒባስ እስከሚደርስበት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ ነው። ወገቡ የድሮው ወገብ አልነበረም። ወደ ድሮው ግጦሽ የሚያሳልፈውን ተራራ ሲሻገር የሽታው ነገር ጉልበት ሰጠው፤ ርጥብ አፈር ይሸታል። ወዲያ ማዶ ሲወርድ ያየውን ማመን አቃተው። የድሮው ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ለምልሟል። ኩሬዎቹ ሞልተዋል፣ እንቁራሪት ይንጫጫል፣ ግራሩ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ለዓመታት ያላየው ዓይነት ዝናብ ነው።

ዓይኑን አላመነም። ተንበርክኮ ጣቱን ሰደደ፤ ሙሉ ጣቱ ገባ። በአህያ መንጃ ዱላው ጫፍ እየማሰ መዳፉን ሰደደ፤ አፈሩ ጭቃ ነው። አሁንም ማሰ። ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ መሬት ውስጥ ገብቶ የነካው ሁሉ ርጥብ ሆነ። እዚያው ጉንጩን ሣሩ ላይ አድርጎ፣ ክንዱ መሬት ውስጥ እንዳለ፣ “ያ ረቢ” እያለ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሲነሣ ቀኝ ክንዱን አልታጠበም። ኩሬው አጠገቡ ነበር፤ ግን እንዳይነካው ተጠንቅቆ በግራ እጁ ጠጣና መንገዱን ያዘ። በዚያ ሁሉ ሣር ላይ አንድም አዲስ ዱካ እንደሌለ፣ የፍየል በጠጥ እንኳ እንዳላየ፣ አስተውሏል። ልቡን ቅር አለው። ግን መሮጥ እንጂ ማሰብ አልፈለገም።

ቧንቧ ሰፈር ያ ዝናብ አልደረሰውም ነበር። መሬቱ እንደ ተወው ነጭ ነው። ሰው በየጥላው ተቀምጧል፤ ውኃ በቦቴ ሲመጣ የሚቀዳበት ጀሪካን በየበሩ ቆሟል። ዓብዱላሂ ማንንም ሰላም ሳይል በመካከላቸው አለፈ። ሄዶ ከሐምዛ የቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ፣ ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ። ሽማግሌዎቹ አወቁት፤ ልጆቹ ምን እንደሆነ አላወቁም። ሐምዛ ከበሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ አርጅቷል። ወንድሙን አየው፣ የጭቃ ክንዱን አየው። ሂድ አላለም። ና አላለም። ወተት ካልመጣ ጥያቄ የለም፣ ጥያቄ ከሌለ ቃል የለም፤ ዓብዱላሂም ተነሥቶ ይሄዳል። ፀሐዩ አናቱን እያቃጠለው ጠበቀ።

ሸምሲያ ከቤቷ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ገባች። ቆየች። ሰው ሁሉ የቀረች መስሎት ሳለ ጮጮ ይዛ ወጣች። በቤቱ ወተት የሚሰጥ ፍጥረት ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ ጮጮውን ግን ስታጥነው ኖራለች። አጠገቡ ተንበርክካ አቀበለችው። የዕርዳታ ዱቄት ወተት ነው፣ በውኃ የተበጠበጠ፣ ቀጭን። ሽታው የጭሱ ሽታ ብቻ ነበር። ዓብዱላሂ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ጠጣውና ጮጮውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሐምዛ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ምን አየህ?”

“የድሮው ሜዳ ዘንቦበታል። ከዳር እስከ ዳር ሣር ነው። ኩሬዎቹ ሞልተዋል። ማንም አልሰፈረበትም።”

“አፈሩስ?”

ዓብዱላሂ ቀኝ ክንዱን ዘረጋለት። ሐምዛ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ፤ ክንዱን ያዘው። ከአንጓው ጀምሮ እስከ ክርኑ የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ቆንጥሮ አሸተተው። ዓይኑ ሞላ።

“እውነት ነው” አለ። “ሰፈሩ ይስማ። የወንድሜ ቃል እውነት ነው።”

አንድ ሽማግሌ “ሱብሃነላህ!” ሲል ተሰማ። ሐምዛ ቀበቶውን አጠበቀ። ድሮ ይህን ቃል ሲሰማ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ እግሩ በራሱ ጊዜ፣ ወደ በረቱ ሄደ። ከእሾኹ አጥር ላይ የነጯን ቃጭል አወረደ። ቃጭሉ በእጁ ኳ ኳ አለ። ባዶው በረት መሃል ደርሶ ቆመ። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ልጅቱ ናፊያ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ፣ “እማ፣ አጎቴ ምን ጠፍቶት ነው?” አለች። ሸምሲያ አፏን በሻሿ ያዘች።

ሐምዛ ቃጭሉን መልሶ ሰቀለው። ተመልሶ ከወንድሙ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው ከትከሻው ተነካካ። ዓብዱላሂ ሲመኘው የኖረውን አግኝቷል፤ ቃሉ ታምኗል። የሚሄድ ግን አልነበረም።

ሰው ቀስ እያለ ወደ ጥላው ተመለሰ። የደረቀው ጭቃ የክንዱን ቆዳ መሳብ ጀምሮ ነበር። ዓብዱላሂ ቀና ብሎ ሸምሲያን አያት።

“ትንሽ ውኃ ስጪኝ፣ ልታጠብ” አላት።

ሸምሲያ ባዶውን ጮጮ ከመሬት አነሣችው።

“ውኃ የለም” አለችው። “የቀረችኝን ለወተትህ በጠበጥኳት።”